ማዳን ከመጠገን ስለ መቅደሙ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስለ ሃርድ ዲስክ ሕፀፅ የቀረበ ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሰበታ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም በሚወስደው ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ፤ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሸገር በሚል ስም በተቋቋመው ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ከአንድ ትውልድ በፊት በወረቀትና በቀለም ያኖረው የነበረውን ሁሉ፣ የፋብሪካውን የሒሳብ መዝገብ፣ የደብሩን የጥምቀትና የጋብቻ ዝርዝር፣ የሠርጉን ሥዕል፣ የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በቢሮ ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው የዓመታት ልፋት ጭምር፣ ዛሬ ከመዳፍ በማይሰፋ አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል፤ ያም ሣጥን ሃርድ ዲስክ የሚባለው ነው። ይህ ሣጥን በታመመ ጊዜ ሕፀፁ እንዴት ይታወቃል፣ ከታወቀስ በኋላ እንዴት ይታረማል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ቤተሰብና የብዙ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

በየጥገና ቤቱ የሚሰጠውን መልስ፣ የሶፍትዌር ሠሪዎች ያዘጋጁትን መሣሪያና ተመራማሪዎች የደረሱበትን እውቀት አንድ ላይ አድርጎ የሚመረምር ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ዐቢይ መደባለቅ ያገኛል፤ ይኸውም ዲስክን መጠገንና በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማዳን እንደ አንድ ሥራ መቈጠራቸው ነው። ሁለቱ ግን በዓላማም በግብርም የተለያዩ ናቸው፤ ጥገና ዲስኩ እንደገና እንዲከፈትና እንዲጻፍበት ይሻል፣ ማዳን ደግሞ ዲስኩ ነገ ቢሞትም እንኳ በላዩ ያለው ነገር ዛሬ እንዲወጣ ይሻል፤ ሁለተኛው ሳይፈጸም የመጀመሪያው ሲጀመር ጥገናው ራሱ የጥፋት ምክንያት ይሆናል። በእኔ አስተያየት በእነዚህ ከተሞች ከሚጠፋው መዝገብ ብዙው የሚጠፋው ዲስኩ ከታመመ በኋላ፣ በቅን ልቡና ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ባልጠበቀ ሕክምና ነው።

ይህን ለመረዳት የዲስክን ጠባይ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚነሡት የቴክኖሎጂ ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ1956 ያወጣው፣ ራማክ ተብሎ በሚጠራው ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራው የመጀመሪያው ዲስክ፣ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ክብ ሰሌዳዎች ተደራርበውበት፣ አንድ ቶን ያህል እየመዘነ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በኪስ የሚያዘው አንድ ቴራባይት ዲስክ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ፊደላት ይይዛል። ይህ ሁሉ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ጠባብ ስፍራ ሊሰፍር የቻለው፣ ሄድ የሚባለው የማንበቢያና የመጻፊያ ክፍል፣ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ እንዲንሳፈፍ በመደረጉ ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በእንዲህ ያለ ርቀት የሚነበብ ደካማ የመግነጢስ ምልክት ምን ጊዜም ስሕተት አያጣውም፤ ስለዚህ ሴክተር በሚባለው በእያንዳንዱ የ512 ወይም የ4,096 ባይት ክፍል መጨረሻ የማረሚያ ቁጥሮች ይጻፋሉ፣ ዲስኩም በእነርሱ እየተረዳ የተሳሳተውን ማንም ሳያውቅ ያርማል። የዚህ የማረም ጥበብ መሠረት በ1950 በሪቻርድ ሃሚንግ፣ በ1960 ደግሞ በኧርቪንግ ሪድና በጉስታቭ ሰለሞን ሒሳብ የተጣለ ነው።

ማረሚያው የማይበቃበት ሴክተር ሲያጋጥም ዲስኩ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል፤ በመጨረሻ ቢሳካለት ጽሑፉን ለዚሁ ጉዳይ ወደ ተቀመጠ የመጠባበቂያ ሴክተር አዛውሮ የተበላሸውን ይተወዋል፤ ባይሳካለት ግን ሴክተሩን በተጠራጣሪነት መዝግቦ፣ አዲስ ጽሑፍ እስኪጻፍበት ድረስ ይጠብቃል፤ በሚጻፍበት ጊዜ ካልተቀበለ በመጠባበቂያው ይተካዋል። ባለ ጥገና ቤቶች «ባድ ሴክተሩን አጠፋሁት» የሚሉት እንግዲህ በብዙው ጊዜ ይህ ነው፤ በሴክተሩ ላይ አዲስ ነገር ተጽፎበት ዲስኩ እንዲተካው ተደርጓል ማለት ነው። ለዲስኩ ይህ ፈውስ ነው፤ በሴክተሩ ላይ ለነበረው ጽሑፍ ግን የመጨረሻው ቀብር ነው።

ሕፀፁ በሰሌዳው ላይ ብቻ አይደርስም። ፋይል ሲስተም የሚባለው፣ እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው ስፍራ እንደ ጀመረና የት እንዳለቀ የሚመዘግበው ሥርዐት፣ ሰሌዳው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊዛባ ይችላል፤ ከዲስኩ ውጭ ያለ ሕመምም አለ፤ ይኸውም የላላ ገመድ፣ የደከመ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የተሰበረ የዩኤስቢ መሰኪያ ነው። ይህ ሦስተኛው በቀላሉ የሚታረም ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ገመድ በመለወጥ ብቻ የሚድን ዲስክ ሞቷል ተብሎ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ማናቸውም ምርመራ ሲጀመር ዲስኩን በሌላ ገመድ፣ በሌላ መሰኪያ፣ ከተቻለም በሌላ ኮምፒውተር መሞከር የመጀመሪያው ግዴታ መሆን አለበት።

ፋይል ሲስተምን ከሚያዛቡት ምክንያቶች ሁሉ በእነዚህ ከተሞች ቀዳሚው የመብራት መቋረጥ ነው። ብዙ ሰው መብራት በድንገት ሲጠፋ ሄዱ ወርዶ ሰሌዳውን የሚቧጭረው ይመስለዋል፤ የዘመኑ ዲስኮች ግን ሰሌዳው ገና ሲሽከረከር የቀረውን ኃይል ተጠቅመው ሄዱን ወደ ማረፊያው እንዲመልሱ ሆነው ተሠርተዋልና፣ አንድ ጊዜ መብራት መጥፋቱ ሰሌዳውን እምብዛም አይጎዳውም። የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበረው ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ «ጽፌዋለሁ» ብሎ በጊዜያዊ ማስታወሻው የያዘው፣ ሰሌዳው ላይ ግን ገና ያልሰፈረው ክፍል ይጠፋል፣ ግማሹ የተጻፈ ለውጥም መዝገቡን እርስ በርሱ እንዲቃረን ያደርገዋል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት፣ የሚደረገውን ለውጥ አስቀድሞ በአንድ የዕለት መዝገብ ላይ ጽፎ ቆይቶ መፈጸም ሲሆን፣ በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የወጣው ኤንቲኤፍኤስ፣ በሊኑክስም ዘንድ በ2001 የገባው ኢኤክስቲ3 በዚህ ሥርዐት የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን ይህ የዕለት መዝገብ በተለመደው አሠራሩ የሚጠብቀው የፋይል ሲስተሙን አቋም እንጂ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ይዘት አይደለም፤ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ የሰበታ ነጋዴ፣ ከመብራት መጥፋት በኋላ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ቢከፈትለትም የሒሳብ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊያገኘው የሚችለው ስለዚህ ነው። በፍላሽና በብዙ ኤክስተርናል ዲስኮች ላይ የሚገኙት ፋት32ና ኤክስፋት ደግሞ ይህ የዕለት መዝገብ ጭራሹን የላቸውም፤ እንዲህ ያሉትን ዲስኮች ኢጀክት ብለው ሳያሰናብቱ መንቀል፣ ወይም በመጻፍ ላይ ሳሉ መብራት መሄዱ፣ ከሁሉ የበለጠ አደገኛ ነው።

በዚህ ላይ አንድ በየቤቱ የሚታይ ልማድ ይታከልበታል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ እንደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ዘወትር በሶኬት ላይ ተሰክቶ ይሠራል፣ ባለቤቱም ላፕቶፕ ስለሆነ መብራት ቢሄድም ምንም አይሆንም ብሎ ያምናል። ባትሪ መለወጥ ወይም አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት፣ ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዐቱ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከተለው የኃይል መብዛት ደግሞ የዲስኩን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ እናቶች መብራት ሲሄድ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከሶኬት እንዲነቀል የሚያዝዙት ትእዛዝ ኮምፒውተሩንም ሊጨምር ይገባዋል።

ስለ ከፍታ የሚነሣው ነገር ለሱሉልታ በተለይ የሚመለከት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሄዱ የሚንሳፈፈው ሰሌዳው ሲሽከረከር በሚጎትተው አየር ላይ ነው፤ አየሩ በሳሳ መጠን ሄዱ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። በዚህም ምክንያት አብዛኞቹ ዲስክ ሠሪዎች መሣሪያቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,048 ሜትር በማይበልጥ ስፍራ እንዲሠራ ይወስናሉ። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ለልምምድ የሚመርጧት ሱሉልታ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ አይሞላም፤ ወደ እርስዋ የሚያሻግረው የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ የሱሉልታ ዲስክ በተፈቀደለት ወሰን ውስጥ ነው፤ ለሕመሙ ሁሉ ከፍታን መክሰስ ትክክል አይሆንም፤ ነገር ግን ወደ ወሰኑ የተጠጋ መሣሪያ በሚሠራበት ሰዓት ቢመታ ወይም ቢንቀጠቀጥ የሚተርፈው ቦታ ያነሰ ነውና፣ ኤክስተርናል ዲስክን እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ማዘዋወር በዚያ ይበልጥ ሊፈራ ይገባል። በ2013 የወጡትና ውስጣቸው በሂሊየም ተሞልቶ የታሸጉት ትልልቅ ዲስኮች የውጭውን አየር ስለማይተነፍሱ ይህ ነገር አይመለከታቸውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ቸል የሚባል አይደለም፤ በመኪና ውስጥ ያደረ ዲስክ ወደ ሞቃት ክፍል ሲገባ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት የክፍሉን ሙቀት እስኪላመድ መታገሥ መልካም ነው።

አሁን ወደ መጠገኛዎቹ እንመለስ። ቼክዲስክ የተባለው ትእዛዝ በ1981 ከአይቢኤም የግል ኮምፒውተር የመጀመሪያ ዶስ ጋር አብሮ የመጣ ሲሆን፣ በ1993 ስካንዲስክ ተከትሎታል፤ የዩኒክስና የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ደግሞ ኤፍኤስሲኬ የተባለ አቻ አላቸው። ቼክዲስክ ያለ ምንም ተጨማሪ ምልክት ሲታዘዝ ያያል እንጂ አይነካም፤ ኤፍ የሚለው ምልክት ሲታከልበት መዝገቡን ያርማል፤ አር ሲታከልበት ደግሞ ከዚህም አልፎ እያንዳንዱን ሴክተር ከዳር እስከ ዳር ያነባል። እርማቱ ምን እንደሆነ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ሁለት ፋይሎች አንድ ስፍራ ይገባናል ቢሉ፣ ወይም አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ባለቤት ቢያጣ፣ መሣሪያው የትኛው ለሰውየው እንደሚጠቅም የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እርሱ የታዘዘው ቅራኔው እንዲጠፋ ነውና፣ ባለቤት ያጣውን ቁራጭ ስሙን አሳጥቶ በቁጥር ብቻ እየጠራ ፋውንድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይከምራል፣ ሊያስታርቀው ያልቻለውን ከመዝገቡ ይፍቃል። ቼክዲስክ ከሮጠ በኋላ «ኮምፒውተሩ ተስተካክሏል፣ ፋይሎቼ ግን የሉም» የሚለው እሮሮ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

አር የሚለው ምልክት በሚሞት ዲስክ ላይ ሲታዘዝ ጉዳቱ ይብሳል። የማይነበበውን ሴክተር እየደጋገመ ለማንበብ በሚያደርገው ጥረት፣ በሌላ መንገድ ቢሆን ኖሮ ጤነኛውን ክፍል ለመገልበጥ ይበቃ የነበረውን የዲስኩን የመጨረሻ ዕድሜ ይጨርሰዋል፤ ይህም ሁሉ ሲሆን አንዲት ፋይል እንኳ ወደ ሌላ ስፍራ አላተረፈም። ቼክዲስክን መኰነኔ አይደለም፤ ሰሌዳው ጤነኛ ሆኖ በመብራት መቋረጥ ብቻ መዝገቡ ለተዛባ ዲስክ፣ ግልባጩ አስቀድሞ ከተያዘ፣ ከእርሱ የተሻለ ፈጣን መድኃኒት አላውቅም።

ሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ስለሆነች፣ በዚህ ርእስ ላይ የሚጽፉ ሰዎች የሚያልፉትን አንድ ነገር እዚህ ማንሣት ተገቢ ነው። ጆውስ ወይም ኤንቪዲኤ በተባለ ማያ ገጹን በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር እየተመራ ኮምፒውተር የሚጠቀም ዓይነ ስውር፣ ቼክዲስክ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ መሮጥ በጀመረ ጊዜ ምንም አይሰማም፤ ድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር ገና አልተነሣምና። በማያ ገጹ ላይ ምርመራውን ለማስቀረት ማናቸውንም ቁልፍ ይጫኑ የሚል ጽሑፍ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያልፋል፣ ከዚያም ለሰዓታት ዝምታ ይሆናል፤ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ደርቋል ብሎ ቢያጠፋው እርማቱ በመካከል ይቋረጣል። ለእነዚህ ተጠቃሚዎች ዊንዶውስ ተነሥቶ ድምፁ እየሠራ ሳለ ምርመራውን ራሳቸው አዝዘው ማስሮጥ፣ በራሱ የሚጀምረውን ከመጠበቅ እጅግ የተሻለ ነው፤ መምህራኖቻቸውም ይህን ከኮምፒውተር ትምህርት ጋር ቢያስተምሩ ብዙ ጭንቀት ይቀራል።

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ስለ ራሱ እንዲናገር የማድረግ ሐሳብ በ1990ዎቹ የተወለደ ነው፤ አይቢኤም በ1992፣ ኮምፓክ በ1995 የጀመሩት ተዋሕዶ ስማርት የሚባለው የጋራ ሥርዐት ሆነ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል፤ ከብዙዎቹ ቁጥሮች መካከል መጠናት የሚገባቸው ጥቂቶች ናቸው። ቁጥር 5 በመጠባበቂያ የተተኩትን ሴክተሮች፣ ቁጥር 197 ተጠርጥረው የሚጠብቁትን፣ ቁጥር 198 ሊነበቡ ያልቻሉትን ይናገራል፤ ቁጥር 199 ከፍ እያለ ቢሄድ ደግሞ ጥፋቱ በአብዛኛው የገመዱ ነው። ቁጥር 9 ዲስኩ በሕይወቱ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ስለሚያሳይ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሊያየው ይገባል፤ ምንም እንኳ ይህን ቁጥር ወደ ዜሮ የሚመልሱ አጭበርባሪዎች በዓለም ገበያ ባይታጡም።

ስማርት ምን ያህል እንደሚታመን የተደረገው የታወቀ ጥናት በ2007 ከጎግል የወጣው ነው። ፒኔሮ፣ ዌበርና ባሮሶ የተባሉት ተመራማሪዎች ከ100,000 የሚበልጡ ዲስኮችን ተከታትለው እንዳገኙት፣ በሰሌዳ ምርመራ የመጀመሪያው ስሕተት የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞቱ ዕድል ስሕተት ካልታየበት 39 ጊዜ ይበልጣል፤ በሌላ ወገን ግን ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ የሚበልጡት ከአራቱ ጠንካራ ምልክቶች በአንዱም እንኳ ሳያስጠነቅቁ ሞተዋል። ከሁለቱ ውጤቶች ተግባራዊ ትምህርት ይወጣል፤ የመጀመሪያዋ ባድ ሴክተር ስትታይ ነገ ዛሬ ሳይሉ መገልበጥ ይገባል፣ ምንም ምልክት አለመታየቱ ግን የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም።

የማዳን ሥራ በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት የብራና ጸሐፊን ማሰብ ይበቃል። ቅጠሉ ሊበጣጠስ የደረሰ አሮጌ መጽሐፍ በእጁ የገባ ጠንቃቃ ጸሐፊ፣ አስቀድሞ ያለ ችግር የሚነበበውን ሁሉ ወደ አዲስ ብራና ይገለብጣል፤ የደበዘዘውን መስመር ስፍራውን ባዶ ትቶ ምልክት አድርጎበት ያልፋል፤ ሌላው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ወደ ደበዘዘው ተመልሶ በትዕግሥት ይመረምራል። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈው ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ሥርዐት ነው፤ ጤነኛውን የዲስክ ክፍል አስቀድሞ በፍጥነት ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፣ ያስቸገረውን ስፍራ በካርታ መዝግቦ ይዘላል፣ በመጨረሻ እየተመለሰ ከዳርና ከዳር ያጠበዋል፤ በመካከል መብራት ቢሄድ እንኳ ከካርታው ተነሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ለእኛ አገር እንደ ተሠራ ያህል ተስማሚ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ቼክዲስክም ሆነ ሌላው መጠገኛ ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሞከራል፤ ቢበላሽ ሌላ ግልባጭ ይወጣል፣ የታመመው ዲስክ ግን ሁለተኛ አይነካም። ዲዲሬስኪው በፍላሽ ላይ በሚጫን ሊኑክስ የሚሠራና በጽሑፍ ትእዛዝ የሚመራ መሆኑ ብዙ የጥገና ባለሙያዎችን ያስፈራቸዋል፤ ይሁን እንጂ ትእዛዙ ከሁለት መስመር የማይበልጥ ስለሆነ፣ ከምንጩና ከመድረሻው ዲስክ አንዱን በሌላው ስፍራ እንዳይጽፉ ብቻ ከተጠነቀቁ፣ ከቀን ሥራቸው ጋር አብሮ የሚለመድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥፋት የሚደርሰው ዊንዶውስ መዝገቡ የተዛባበትን ዲስክ ማወቅ ሲያቅተው፣ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት መደረግ አለበት ብሎ በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ጥያቄው ቅን ምክር ስለሚመስል ብዙ ሰው እሺ ይላል። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ ባዶ መዝገብ ብቻ ስለሚጽፍ ከእርሱ በኋላ ብዙ ነገር ሊድን ይችላል፤ ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይጽፈዋልና፣ ከእርሱ በኋላ የሚድን አንዳች ነገር አይኖርም። ስለዚህ ደንበኛው ዲስኩን ለጥገና በሚያስረክብበት ሰዓት «ፎርማት እንዳይደረግ» የሚለውን ቃል በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ፣ ባለሙያውም የሚፈለገው ዲስኩ ነው ወይስ ፋይሉ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ከነዋጋው ተረስቶ የሚፈለገው የአንድ ሕፃን ልደት ሥዕል ወይም የአንድ ማኅበር የሒሳብ ዝርዝር ነው፤ ባለሙያው ይህን ሳያውቅ በቅን ልቡና ዲስኩን አድኖ ባለቤቱን ያስለቅሳል።

መዝገቡ ፈጽሞ የጠፋበትን ዲስክ ፎቶሬክ በተባለው የክሪስቶፍ ግሬኒዬ መሣሪያ መፈተሽ ይቻላል፤ እርሱ የፋይሎችን አጀማመር በመልካቸው እያወቀ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፣ ስማቸውንና ፎልደራቸውን ግን ሊመልስ አይችልም። በእነዚህ ከተሞች እዚህ ላይ አንድ ልዩ ችግር ይነሣል። በላቲን ፊደል በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ በውስጡ ባለ ቃል ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ በአማርኛ የተጻፈው ግን መገኘት አለመገኘቱን የተጻፈበት ዘመን ይወስነዋል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግእዝና በቪዥዋል ግእዝ አሮጌ ቅርጸ ፊደላት የተጻፉት ሰነዶች፣ ለኮምፒውተሩ የሚታዩት እንደ ተበታተኑ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው፤ በአማርኛ ቃል ሲፈለጉ አይገኙም፣ ሲከፈቱም የተበላሹ ይመስላሉ። ባለሙያው «ፋይሉ ወጥቷል ነገር ግን ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው ሰነድ ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ቅርጸ ፊደል ሲጫን ሕይወት ይዘራል። የደብር ጸሐፊዎችና የድሮ ቢሮዎች ያገለገሉበትን ቅርጸ ፊደል ከሰነዱ ጋር አብረው እንዲያኖሩ አጥብቄ እለምናለሁ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲያሰማ ግን ከላይ የተባለው ሁሉ ይቆማል። በአብዛኛው ሄዱ ተጎድቷል፤ በተነሣ ቍጥር ሰሌዳውን እየፋቀ ጽሑፉን ወደ ትቢያ ሊለውጠው ይችላልና፣ ወዲያው መጥፋትና አለመነሣት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ መሞከር የሚባለው ወሬ በውስጡ ጤዛ ከማስቋጠር ሌላ የሚያመጣው መልካም ነገር እምብዛም የለም። የጥቂት ናኖሜትር ክፍተት ያለውን መሣሪያ ግንባታና ጭነት መኪና አቧራ በሚያነሣበት መንገድ ዳር ባለ ሱቅ መክፈት ደግሞ ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት ብዙ መቶ ጊዜ ትበልጣለች። እንዲህ ያለው ዲስክ አየሩ በተጣራበት ክፍል በሠለጠነ እጅ ብቻ የሚከፈት ነው፤ ያን የማያገኝ ባለቤት ሳይከፍት ሳያስነሣ ቢያስቀምጠው፣ ቢያንስ የኋላ ዕድሉን ይጠብቃል።

ስለ አዲሱ የዲስክ ዓይነት ስለ ኤስኤስዲ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መመታትን ይችላል፣ ከፍታም አያሳስበውም፤ ነገር ግን ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳይጮኽ በአንድ ጊዜ ይሞታል፣ የተደመሰሰ ፋይልንም ትሪም በተባለው አሠራር ፈጥኖ ስለሚያጸዳ መልሶ ማግኘቱ ከአሮጌው ዲስክ ይልቅ ይከብዳል። ፍላሽን በሚመለከት የሚበዛው አቤቱታ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ የሚለው ሲሆን፣ ይህ የቫይረስ ሥራ እንጂ የዲስክ ሕመም አይደለም፤ ፋይሎቹ ተሰውረው እንጂ ጠፍተው ስላልሆነ ፎርማት ማድረግ በገዛ እጅ መደምሰስ ነው። በላዩ የተጻፈበትን ያህል የማይዝ ሐሰተኛ ፍላሽም በገበያ አለ፤ እንደ ተገዛ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግልባጭ ላለው ሰው አያስፈልገውም። የኢንተርኔት ዋጋ ለሚከብደው ቤተሰብ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ገዝቶ አንዱን በቤቱ፣ ሁለተኛውን አዲስ አበባ ባለ ዘመዱ ዘንድ ማኖርና በየበዓሉ ማለዋወጥ ይበቃዋል፤ በሁለቱም ላይ ያለው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን ግን አልፎ አልፎ ጥቂት ፋይሎችን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሡ ስቱዲዮዎች፣ የሌላውን ሰው የማይደገም ቀን በአደራ የያዙ ስለሆኑ፣ ሥራው ለባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ማኖራቸው ሊፈቀድ የሚገባ አይመስለኝም።

በመጨረሻ የቀረው የአደራው ጉዳይ ነው። ለጥገና የተሰጠ ዲስክ የባለቤቱን መታወቂያ፣ የሕክምና ወረቀትና የቤተሰብ ሥዕል ይዞ ከቤት ይወጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ከጨዋነት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ባለሙያው ለማዳን ሲል በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀረውን ግልባጭ፣ ባለቤቱ ፋይሎቹን ከፍቶ ካረጋገጠ በኋላ በፊቱ ሊደመስሰው ይገባል። አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በጨረታ የሚሸጥ መሥሪያ ቤትም፣ በዲስኮቻቸው ላይ አስቀድሞ ከላይ የተባለው ሙሉ ፎርማት ከዳር እስከ ዳር በዜሮ እንዲጽፍባቸው ማድረግ አለበት፤ በመጠባበቂያ የተተኩት አሮጌ ሴክተሮች ግን ይህ ጽሑፍ አይደርስባቸውምና፣ ቁጥር 5 ከፍ ያለባቸው ዲስኮች ከነሰሌዳቸው መሰበር አለባቸው።